ዛሬ መቋሚያው እኔ ጋ ነበር

አላመንሁም። «ቄስ ይሁኔን መኪና ገጫቸው» ብላ ጓደኛዬ ስትደውልልኝ፣ «የት ሆስፒታል ናቸው?» እያልሁ ጫማዬን ማሰር ጀመርሁ። «ሆስፒታል አልወሰዷቸውም» አለች። እኔ ግን ሁለተኛውን ጫማ እየፈለግሁ ነበር።

ጠዋት ቀድሰው፣ በቡሬ መንገድ ወደ ፍኖተ ሰላም በብስክሌታቸው ሲመለሱ አንድ አይሱዙ ከኋላ መጣባቸው። ነገ ቀብራቸው ነው። እየቸኮልሁ ስለምጽፍ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ለማታውቋቸው፦ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ብስክሌት የሚነዱት ካህን እሳቸው ናቸው። መቋሚያቸውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አግድም ያስሩታል፤ ጫፉ ወደ መኪናው ወገን ይወጣል። ሹፌር ሳይወድ በግዱ ራቅ ብሎ ያልፋል።

«ሕጉ እስኪወጣ ሕጌ ይህቺ ናት» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አስግጎ፣ «አባ፣ መቋሚያዎን ይሰብስቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው።

«አንተ መጀመሪያ ሹፌርህን ሰብስብ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ ብቻ አልሳቀም።

የተዋወቅነው ግን በሳቅ አልነበረም። ባጃጅ ከብስክሌቴ ላይ ጥሎኝ እግሬ በጀሶ ታስሮ ተኝቼ ሳለሁ፣ የሹፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው አባቴ ዘንድ መጡ። በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። «ለመሆኑ ሴት ልጅ በብስክሌት ምን አስኬዳት?» ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ቄስ ይሁኔ ብቻ ተነሥተው እኔ ወዳለሁበት ገቡ።

«አንቺስ ይቅር ብለሻል?»

«አላልሁም፣ አባ።»

ወጥተው «ባለቤቲቱ አላለችም» አሏቸው። እነሱ ግን ታረቁ። ስለ እግሬ እኔ በሌለሁበት ታረቁ። ዛሬም ደረጃ ስወጣ ያ ዕርቅ ጉልበቴ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሥራውን አብረን የጀመርነው። እኔ ሕግ ተምሬአለሁ፤ ረቂቁን ጻፍሁ። የክልሉ ምክር ቤት እንዲያወጣው የጠየቅነው ተራ ነገር ነው፦ ብስክሌት የሚቀድም መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ከተማ ውስጥ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ አስፋልት ሲሠራም ለብስክሌት ዳር ይተውለት። እሳቸው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው ምእመኑን ያስፈርሙ ነበር።

አንድ ኃላፊ ቢሮ ስንገባ ሰውየው ቀለደባቸው። «አባ፣ ካህን ጠባቧን መንገድ ይመርጣል እንጂ መንገድ ይስፋልኝ ይላል?»

«እኔስ ጠባቧን ነው የለመንሁት» አሉት። «አንዲት መቋሚያ የምታህል።»

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ገና ሬሳቸው ቤት ሳይገባ እዚሁ ፌስቡክ ላይ ወሬው ተጀምሯል። «መቋሚያው ከመኪናው ጋር ተያይዞ ነው የጣላቸው» ይላሉ። «ራሳቸው ናቸው ጥፋተኛ» ይላሉ። ባነበብሁ ቁጥር እንዲህ የሚል ሰው ይጨምራል። ነገ ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣሉ። አፈሩ ሳይደርቅ ባለቤታቸውን «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ይቅር በይ» ይሏታል። እሷም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት ያቅታታል። ሥራቸውን አውቀዋለሁ፤ በግድግዳ በኩል ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ስሙኝ። መቋሚያው ዛሬ ብስክሌቱ ላይ አልነበረም። እኔ ጋ ነው። ይኸው፣ አሁን በሩ ሥር ተደግፎ ቆሟል።

ትናንት ነው የሰጡኝ። ረቂቁን ለማስረዳት ባሕር ዳር ተጠርተናል። «ይዘናት እንገባለን፤ ርቀቱን በዓይናቸው ይዩት» አሉኝ። «እስከዚያ እርስዎስ በመንገድ?» ስላቸው፣ «ለጥቂት ቀን ምን እሆናለሁ?» አሉኝ።

መኪናውን የነካው መቋሚያ የለም። መኪናውን የሚያርቅ ነገርም አልነበረም። ሕግ አልነበረም፤ መቋሚያም አልነበረም።

ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው መኖሩን አላውቅም። ድምፄ ይክዳኝ ይሆን? አባቴ «ተይ ልጄ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይለኛል። ሽማግሌዎቹ እኔ እንዳልሰማ ደግመው በሌላ ጓዳ ይታረቁ ይሆናል።

ቢሆንም እመጣለሁ። ነገ ድንኳኑ መሐል መቋሚያውን ይዤ እቆምና «በሕግ አምላክ!» እላለሁ። «ሴት መቋሚያ አትይዝም» የሚል ካለ፣ መጥቶ ከእጄ ይውሰደው። ባለቤትዎንም፣ አባ፣ እርስዎ እኔን እንደጠየቁኝ፣ ብቻዋን አድርጌ እጠይቃታለሁ። የምትመልሰው የራሷ ነው።

ባሕር ዳርም እሄዳለሁ፣ አባ። ጠረጴዛቸው ላይ አጋድሜ አስቀምጣትና «ይህችን ያህል ብቻ» እላቸዋለሁ።

እርስዎ ግን ከእንግዲህ ወደ ኋላዎ አይዙሩ። በዚያች በጠባቧ መንገድ የሚገፋዎት የለም። በደህና ይግቡ፣ አባቴ።