ግድግዳ ያስፈረሰችው ተሾመች

ሲስተር ተሾመች ገሠሠን ወደ ዕቃ ማምከኛው ክፍል የላኳት «ትረፍ» ብለው ነው። ማዋለጃ ክፍል ምጥ የያዛትን ሴት ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ ወገቧ አልታዘዝ አላት፤ አንድ ጧት ጭራሽ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ምንተስኖት ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዘነላት። «ቀላል ሥራ ሰጥቼሻለሁ፤ ክፍሉም ይሞቃል፤ ወገብሽን ታስታምሚበታለሽ» አላት። በመንዝ ደጋ፣ ውርጭ የገብስ ቡቃያ በሚያቃጥልበት አገር፣ ይሞቃል የተባለ ክፍል ማን ይጠላል? ተሾመች አመስግና ገባች።

ክፍሉ ቀድሞ ግምጃ ቤት ነበር። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና አንዲት በር እንጂ መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም። በቀዶ ሕክምና፣ በማዋለጃ፣ በቁስል ማጠቢያ የዋለ መቀስና መቆንጠጫ ሁሉ ደሙ እንደያዘ ወደዚያ ይመጣል። በበረኪና ይዘፈዘፋል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፣ በጨርቅ ይጠቀለልና ትልቁ የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ይገባል። ሙቀት የማይችለው ዕቃ ደግሞ ዓይን በሚያስለቅስ መድኃኒት ይነከራል። የማሽኑ ክዳን በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ከበረኪናው ትነት ጋር ይደባለቅና ቤቱን ይሞላዋል። መውጫ ስለሌለው እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል።

እዚያ የጠበቀቻት ወይዘሮ ጌታነሽ ናት፤ በጽዳት ሠራተኝነት ገብታ ዕቃ በማጠብ ያረጀች ሴት። ሁለት ቃል ተናግራ በሦስተኛው ትስላለች።

«እትዬ ጌታነሽ፣ ይሄ ሳል ጉንፋን ነው?» አለቻት ተሾመች በመጀመሪያው ሳምንት።

«የቤቱ ነው» አለች ጌታነሽ፣ መቀሷን ከመፈተግ ሳታቋርጥ። «አንቺንም ይለምድሻል።»

ለመዳት። ክረምቱ ሳያልፍ ደረቷ እንደ ዋሽንት ማፏጨት ጀመረ። የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ በርበሬ መንካት አቃታት። ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወጣውን ዳገት፣ ዱሮ ከጎረቤቶቿ ቀድማ የምትወጣውን፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተቀመጠች ትጨርሰው ጀመር። ክንዶቿ ላይ የጋለው ክዳን የተወው ጠባሳ አንዱ ሳይሽር ሌላው ይጨመራል፤ የሚሰጧቸው ጓንት ለበሽተኛ መመርመሪያ የተሠራ ስስ ላስቲክ ነውና ሙቀት ሲነካው ከእጅ ጋር ይጣበቃል። ይህን ለማን ይናገሩታል? ሆስፒታሉ በሙሉ ክፍሉን «ጡረታ ቤት» እያለ ይቀልድበት ነበር። የታመመ፣ ያረጀ፣ ያረገዘ ሁሉ እንዲያርፍ የሚላከው ወደዚያ ነው።

መጀመሪያ ያስቆጣት መርፌው ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ፣ በደም የረጠበ ጨርቅ ጌታነሽ ስትፈታ ውስጡ የተረሳ የመስፊያ መርፌ አውራ ጣቷን ወጋት። ደሙ የማን እንደሆነ፣ ሰውየውም ምን እንዳለበት የሚያውቅ የለም። ጌታነሽ ለጥንቃቄ የሚሰጠውን ኪኒን ጀመረች፤ ኪኒኑ ሆዷን እያገላበጠው እህል አላስቀምስ አላት። ለባሏ እንኳ ምን እንደምትውጥ ደፍራ አልነገረችውም።

ተሾመች ከአንድ ሰሞን በላይ አልቻለችም። አንድ ጧት ሌላ ጨርቅ መጣ፤ በጥንቃቄ ስትዘረጋው ደግሞ ምላጭ ወጣ። ጨርቁን ከነምላጩ በሳህን ይዛ ቀጥ ብላ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሄደችና ሐኪሞቹ ሻይ የሚጠጡበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው ይሄ ሲስተር? እዚህ ይቀመጣል?» አለ አንደኛው ብርጭቆውን እያሸሸ።

«እናንተ ጠረጴዛ ላይ ካስጠላ እኛ እጅ ላይ ያምራል? ከዛሬ ጀምሮ ስለቱን ራሳችሁ ትለቅማላችሁ። ስለቱ ያልተለቀመ ጨርቅ ቢመጣ አልቀበልም፤ እንዳመጣጡ ይመለሳል።»

ሳቁባት። በማግስቱ ጨርቁ ከነስለቱ መጣ፤ መለሰችው። በነጋታውም መጣ፤ መለሰችው። ንጹሕ ዕቃ ሲያጥራቸው፣ መርፌና ምላጩን እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ እየለቀሙ መላክ ጀመሩ። ጌታነሽ ኪኒኗን ጨርሳ ተመረመረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነጻ ሆነች። ተሾመች ግን የሳቁትን ፊቶች አልረሳችም።

ጥቅምት ላይ ፀደንያ መጣች። ፀደንያ የተኝቶ ታካሚዎች ነርስ ናት፤ ገና አንድ ፍሬ ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ በጣም የገፋ። ሽርጧን አጥፋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ተሾመች፣ እስክወልድ ካንቺ ጋር እንድሆን ተመድቤያለሁ። ቀላል ሥራ ነው አሉኝ።»

ተሾመች የእንፋሎቱን ማሽን ትታ መጣችና እጆቿን በሩ ግራና ቀኝ ዘርግታ ቆመች።

«አትገቢም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይሄንን አየር እኔ ጠጥቼዋለሁ፣ እትዬ ጌታነሽ ጠጥታዋለች። ገና ያልተወለደ ልጅ ግን አይጠጣውም። ሂጂ፣ ተሾመች ከለከለችኝ በያቸው።»

ፀደንያ አለቀሰች፤ አለቃ ሊቆጣት ነው ብላ ፈርታ። ዶክተር ምንተስኖት እየተቻኮለ መጣ።

«ሲስተር፣ ለልጅቷ አዝኜ ያደረግኩት ነው እኮ!»

«ለእኔም አዝነው ነው ያስገቡኝ» አለች ተሾመች። «ዶክተር፣ ሐዘንዎ መስኮት የለውም። እስቲ ማሽኑ ሲከፈት ከእኛ ጋር ይቁሙ።»

ገባ፤ ቆመም። ክዳኑ ሲነሳ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፈነ፣ ጉሮሮውን ያዘው፣ እየሳለ ወጣ። ደጅ ሆኖ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «እውነትሽን ነው» አለ። «ግን የዘንድሮ በጀት አልቋል። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ይስተካከላል። እስከዚያ ልጅቷን ካርድ ክፍል አደርጋታለሁ።»

አዲሱ ሕንፃ መሠረቱ የተጣለው ተሾመች ማዋለጃ ሳለች ነው፤ አሁን የበግ መዋያ ሆኗል።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ አባቷ ዘንድ ወደ ዘመሮ ወረደች። አቶ ገሠሠ ግንበኛ ናቸው፤ በአካባቢው ቆሞ የሚታየው የድንጋይ ቤት አብዛኛው የእጃቸው ሥራ ነው። ነገሩን ነገረቻቸው። መሐል ላይ ሳሏ ሲያቋርጣት ፊታቸው ተለወጠ።

«ግድግዳው የመንግሥት ነው?»

«የመንግሥት ነው አባባ። ሊያስጠይቀን ይችላል።»

«መንግሥት አይተነፍስም እንዴ?» አሉና ድጅኗቸውን ከማጀት አወጡ። «አፍንጫ የሌለው ቤት መቃብር ነው። እኔ መቃብር ውስጥ ልጅ አላስቀምጥም።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሆስፒታሉ ቢሮ ተዘግቶ፣ ማሽኑም በርዶ ሳለ፣ አባትና ልጅ ሥራ ጀመሩ። ተሾመች ንጹሕ ዕቃዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል አዘዋውራ፣ የቀረውን በሸራ ሸፈነች። አቶ ገሠሠ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡት፤ ጣሪያውን የሚሸከመውን ድንጋይ ለይተው ከላይ የጽድ እንጨት አጋደሙለት፤ ከዚያ ከሥሩ ያለውን አንድ በአንድ ነቀሉ። ተሾመች ወገቧን በነጠላ ጠፍራ ድንጋዩን ወደ ደጅ ታንከባልላለች። ጌታነሽ ድምፁን ሰምታ ከቤቷ መጣችና ምንም ሳትጠይቅ ጭቃ ማቡካት ጀመረች። የመጨረሻው ድንጋይ ወደ ውጭ ሲወድቅ የደጋው ነፋስ እየዘለለ ገባ። ጌታነሽ ፊቷን ሰጠችውና ዓይኗን ጨፍና ቆመች።

ዶክተር ምንተስኖትን ዘበኛው ጠርቶት ኖሮ እየሮጠ ደረሰ። ቀዳዳውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

«የመንግሥት ግድግዳ ማን አፈረሰ?»

«እኔ ነኝ ያስፈረስኩት» አለች ተሾመች።

«እኔ ነኝ ያፈረስኩት» አሉ አቶ ገሠሠ፤ ድጅኖውን ተደግፈው። «ዶክተር፣ ሥራው ካልጠነከረ እሰሩኝ። ይግፉትና ይዩት።»

ዶክተሩ አልገፋውም። ሰኞ ግን ተሾመች ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው በጥፋቷ መጸጸቷን እንድትናገርና ነገሩ በምክር እንዲያልቅ ቢለምናት፣ «ጸጸትስ አለኝ፤ ክፍሉ እንደገባሁ ወዲያው አለማፍረሴ ይጸጽተኛል» አለች። በአንድ ድምፅ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ወደ አንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ እንድትዛወር ተወሰነ።

ዝውውሩ ግን አልሆነም። ቦታዋን እንዲይዙ የተጠሩት ነርሶች አንድ በአንድ እምቢ አሉ። አንዷ፣ «ተሾመች የተቀጣችበትን ክፍል እኔ በእንፋሎት ልታጠንበት?» አለች። ሌላው፣ «መጀመሪያ ማራገቢያ ይግባ» አለ። ጌታነሽ ብቻዋን አልቻለችውምና ያልታጠበ ዕቃ ተከመረ፤ ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ሊተላለፍ ሆነ። ያን ጊዜ ዶክተር ምንተስኖት ራሱ እቤቷ ድረስ መጣ።

«ነይ ግቢ እባክሽ» አላት፤ ደክሞት ነበር።

«በማራገቢያ?»

«በማራገቢያ።»

ቀዳዳው መቃንና ወንፊት ተደረገለት፤ ከወንፊቱ ኋላ የቤቱን አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ተገጠመ። ፀደንያ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። የጌታነሽ ሳል ቀለል አለላት። የተሾመች ደረት ግን እንደ ዱሮው አልተመለሰም፤ ያዳመጣት ሐኪም «ከዚህ የባሰ እንዳይሆን እንጂ የሄደው ሄዷል» ብሏታል። ይህን ስትሰማ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሐዘኗን ጨርሳ፣ ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች።

በታኅሣሥ ከዞን እንግዶች ለጉብኝት መጡ። ዶክተር ምንተስኖት ማምከኛ ክፍሉ ሲደርስ ወደ መስኮቱ እያመለከተ፣ «ይህ ሆስፒታላችን በራሱ ተነሣሽነት ያከናወነው ነው» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጌታነሽ ልትናገር አፏን ስትከፍት ተሾመች በክርኗ ነካቻት።

«መስኮቱ የማንም ይሁን» አለችና የሁለት ክንዶቿን እጅጌ ሰብስባ ጠባሳዎቹን ለእንግዶቹ ዘረጋችላቸው። «የሙቀት ጓንቱስ? እሱን በማን ተነሣሽነት እንጠብቀው?»

ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ጠባሳውን ጠጋ ብላ አይታ፣ «እንልካለን» አለች።

ጓንቱ ከጥምቀት በኋላ መጣ። ወፍራም፣ እስከ ክርን የሚደርስ፣ ግን አንድ ጥንድ ብቻ። ተሾመች ለጌታነሽ አጠለቀችላትና ሽርጧን ፈትታ፣ የራሷን ጥንድ ልትጠይቅ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች።