ሞጣ የቀረው ሲዲ

በግጭቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋበት ክረምት ቢቸና ላይ ቀረሁ። አይሲቲ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባለቤቴ ሞጣ ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል። ደህና ጊዜ ቢሆን ጠዋት ተሳፍሬ ለምሳ እደርስላት ነበር። በየቀኑ መናኸሪያ ወርጄ ባዶውን ግቢ አይቼ እመለሳለሁ። ኢንተርኔት የለም፤ ስልኩም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው።

ርእሰ መምህሩ ሁኔታዬን አይቶ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ።

«ቁጭ ብለህ ከምትቆዝም እነዚያን አሮጌዎች ነካካቸው።»

ዊንዶውስ ከብዷቸው ተዘግተው የከረሙ ናቸው። በፍላሽ የያዝኩትን ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ቀለል ያለ ሲስተም፣ እጭንባቸው ጀመር። አንዲት የባዮሎጂ መምህርት አብራኝ ትውል ነበር። አገሯ ሐዋሳ ነው፤ በዓባይ ድልድይ በኩል የሚያሳልፍ ስለጠፋ እሷም መውጫ የላትም።

የመጀመሪያው ማሽን አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ቀጥ አለ።

«ምን እያለ ነው?»

«አልችልም እያለ ነው። እሱ የድሮው ዓይነት፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ነው፤ የእኔ ፍላሽ ለአዲሶቹ፣ ለባለ ስልሳ አራቶቹ የተሠራ ነው።»

«ታዲያ ሌላውን አውርደዋ!» አለችና ኢንተርኔት አለመኖሩ ትዝ ሲላት ራሷ ሳቀች።

ሻል ያሉት ማሽኖች ፍላሹን ተቀበሉ፤ ግን ስክሪናቸው ጥቁር ሆነ። የሞቱ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ያልተስማማው የስክሪን ካርዱ እንደሆነ ገባኝ። ሲነሱ ከሚመጣው ማውጫ ላይ e ተጭኜ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ nomodeset ብዬ ጻፍኩ፤ ካርዱን ለጊዜው አትንካው እንደ ማለት ነው። ስክሪኑ በራ። መምህርቷ አጨበጨበች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

የሚበዙት ግን ባለ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ለእነሱ የሚሆነው ሲዲ ሞጣ ቤቴ ነው። ስልክ ሲገኝ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«አልጋው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አሮጌ ሲዲ አለ፤ መኪና ከተጀመረ ላኪልኝ።»

«እኔ መቼ ትመጣለህ ስል፣ አንተ ሲዲ ላኪ ትለኛለህ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውልም አልገባ አለኝ።

አንድ ረፋድ ላይ ከሞጣ አውቶቡስ ገባ ሲሉ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ረዳቱ በፌስታል የተጠቀለለ ሲዲ ሰጠኝ።

«ማን ነው የሰጠህ?»

«አንዲት እናት ናቸው። እግዜር ይስጥህ ብለው ቶሎ ሄዱ።»

አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ለምን ራሷ አልመጣችም? ምጥ ይዟት ይሆን? አውቶቡሱ ወዲያው ይመለሳል፤ ነገ መንገዱ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። መምህርቷ ተከትላኝ መጥታ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ግባ!»

«አንቺስ?»

«የእኔ መንገድ ገና ነው። ሲዲውን አምጣው፤ ስትጭን አይቻለሁ።»

ሰጠኋትና ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ እየተፈተሽን ስንወርድ ስንሳፈር፣ ከአሁን አሁን ተመለሱ ሊሉን ነው እያልኩ ሞጣ ገባሁ። ባለቤቴ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፤ አጠገቧ ሴት ልጃችን ተጠቅልላለች።

«ሲዲው ደረሰህ?» አለችኝ። አልተቆጣችኝም።

ከሰነበትኩ በኋላ መምህርቷ ደወለች።

«ማሽኖቹ ሁሉም ተነሱ። አንዱ ግን ድምፅ እምቢ አለኝ።»

«ተይው፣ ድምፁ ምን ያደርግልሻል?»

«ዘፈን እየሰማሁ ልሥራ ብዬ ነው፤ ክፍሉ ጭር ብሎብኛል» አለችኝ።

ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ፣ ምን ላይ ተጭና ምን መጻፍ እንዳለባት ቀስ ብዬ እነግራት ጀመር።