የቁም ተዝካሬና የመኖሪያ ፈቃዴ

ባሌ ካረፈ በኋላ ቀሪ ዕድሜዬን በኢየሩሳሌም ልጨርስ ብዬ ስነሣ፣ ሰቆጣ የነበረኝን ሁሉ በሥርዓቱ አስተካክዬ ነው የወጣሁት። የድንጋይ ቤቴን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁ። ርስቴን እኩሉን ለደብሩ፣ እኩሉን ለዘመድ አደልኩ። ልጅ አልወለድኩምና በባዕድ አገር ብሞት ማን ያስበኛል ብዬ ተዝካሬንም በቁሜ ደገስኩ። ካህናቱ ጸለዩልኝ፤ ድሆች በሉ፤ ከአምደወርቅ ድረስ በእግራቸው የመጡ ነበሩ። እኔ ራሴ በመካከላቸው እየዞርኩ «ብሉልኝ፣ ነፍስሽን ይማር በሉኝ» እል ነበር። እነሱም እያዩኝ «ነፍስሽን ይማር» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

ያኔ አሮጌው ከተማ በዮርዳኖስ መንግሥት እጅ ነበር። እዚያ ለመኖር የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው በየዓመቱ ፈቃዱን ያሳድሳል። ፓስፖርት ይጠይቁሻል፣ ከገዳማችን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁሻል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከአገርሽ ቋሚ ገንዘብ እንደሚመጣልሽ የሚገልጽ የባንክ ወረቀት ይጠይቁሻል። ለምኖ አዳሪ አንፈልግም ነው ነገሩ። ብዙዎቹ የአገሬ አሮጊቶች ባንክ ቤት መግባት ፍርድ ቤት የመቆም ያህል ያስፈራቸው ነበር። እኔ አልፈራም። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከዳዊት ጋር ጽሕፈትም አስተምረውኛል። ወረቀቶቼን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከፈቃዱ ማለቂያ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ፤ ሌሎቹንም እየጎተትኩ እወስዳቸዋለሁ።

ገንዘቡ የሚመጣው እንዲህ ነበር። ባሌ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ከጡረታው ለእኔ ይደርሰኛል። የወንድሜ ልጅ በውክልና ከሰቆጣ ግምጃ ቤት ይቀበልና ደሴ ሲወርድ በባንክ ሐዋላ ይልክልኛል። ሰቆጣ ባንክ አልነበረም።

አንድ ዓመት ገንዘቡ ቀረ። የመንገድ ነገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። በኋላ የወንድሜ ልጅ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «እትዬ፣ ግምጃ ቤት ሄጄ ‹አክስትህ ከሞተች ቆየች፤ የሟች ጡረታ የምትበላው አንተ ነህ?› አሉኝ። ሊያስሩኝ ነበር፤ በዋስ ወጣሁ።» ባንኩ ደግሞ ገንዘብ ካልገባ ወረቀት አልጽፍም አለ። ፈቃዴ የሚያልቀው ከፋሲካ በኋላ ነው። እዚያ ያለው የአገራችን ቆንስላ ለአገር ቤት ጻፈልኝ፤ መልስ የለም። ያለ ባንክ ወረቀት ፈቃድ አይታደስም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ አጥንቴ የሚያርፈው እዚያ አይሆንም። ስለዚህ ለቀብሬ ያስቀመጥኳትን ገንዘብ አውጥቼ፣ ከጥምቀት በኋላ በአስመራ አድርጌ፣ ከኮረም በበቅሎ ሰቆጣ ገባሁ።

የጡረታውን መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ከከተማ የመጣ፣ የአገሬውን ቋንቋ ኸምጣንግን የማያውቅ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ መዝገቡ ሞተዋል ነው የሚለው።»

«መዝገቡን ተወውና እኔን እየኝ፣ ልጄ።»

«እያየሁዎት ነው። ግን እርስዎ እርስዎ መሆንዎን በምን አውቃለሁ? ዘመድ ያልሆኑ ምስክሮች ያምጡ።»

በማግስቱ ሦስት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊው ሲያያቸው ፊቱ ተቀየረ።

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ ባለፈው ስጠይቃችሁ ሞታለች ያላችሁኝ?»

ከሦስቱ አንዱ ከአበርገሌ ፍየል እያመጣ የሚነግድ ጎረቤቴ ነበር፤ አፉ አያርፍም። «ሞታለች አላልንም፤ ተዝካሯን በላን ነው ያልነው» አለ።

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

«አለው እንጂ! የሞተ ሰው ተዝካር ላይ ሟቹ ተነሥቶ ‹ድገሙ› አይልም። እሷ ግን ጠላውን ራሷ ነው የቀዳችልን።» ወደ እኔ ዞረ። «እኔ የምልሽ፣ አንቺ፣ እንዲህ ተመልሰሽ ከመጣሽ የበላነው ሊቆጠርብን ነው ወይስ ሌላ ልትደግሺልን?»

«የዚያን ቀን የጠጣኸው ገና ከራስህ ሳይወርድ ሌላ ያምርሃል?» አልኩት።

ሌላው ሽማግሌ በኸምጣንግ አንድ ነገር ጣል አደረገና ሦስቱም ሳቁ። ጸሐፊው «ምን አሉ?» አለ። «ሬሳዋ አፍ አላት አለ» ብዬ ተረጎምኩለት። እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ።

አልፈረድኩበትም። ሰው ጠይቋል፤ ተዝካሯ ተበልቷል ብለውታል። ቤቷስ ቢል የወንድሟ ልጅ ነው፤ ርስቷስ ቢል ተከፋፍሏል። የቁም ተዝካር ሲባል ሳይሰማ አይቀርም፤ ይህ ያ ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አንድ አጭር መንገድ አለ። ተዝካር የሚባል አልደገስኩም፣ የወሬኛ ወሬ ነው ብለው ይፈርሙ። ምስክሮቹም ይፈርሙ። ነገ አበልዎ ይለቀቃል፤ እኔም አልጠየቅም።»

ነጋዴው ጎረቤቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ፈርሚ እንጂ! እኛ እናውቅ የለም?»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ፋሲካን እያሰበ ነበር። ነገር ግን የዚያ ድግስ ነገር በጸሐፊውና በእኔ መካከል ብቻ አልነበረም። በእግዚአብሔር ስም ለድሃ የቀረበ ነው። አልቀረበም ብዬ ስሜን ብጽፍበት ከነፍሴ ምን ተረፈኝ? መልሼ አስቀመጥኩት።

«ድሃ የበላውን አልተበላም ብዬ አልፈርምም።»

«እንግዲያው ጉዳዩ ደሴ ይሄዳል፤ ከደሴ አዲስ አበባ። ከክረምት በፊት መልስ አይጠብቁ።»

«ይሂድ» ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቴ መንገዱን ሙሉ ሲቆጣኝ ዋለ።

በቀጥታ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበርና ጠየቅኋቸው፦ «አባቴ፣ አሁን አልሞትኩም ብዬ ቢሮ ለቢሮ መከራከሬ ተዝካሬን ያፈርሰዋል?»

«ምኑን ያፈርሰዋል፣ ልጄ? እኔ የጸለይኩት በሕይወት ላለች ሴት መሆኗን አውቄ ነው። የነፍስሽን ስንቅ አስቀድመሽ ላክሽ፤ ሥጋሽ ግን እስኪጠራ ድረስ መብላት አለበት። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ መስቀላቸውን ይዘው ጸሐፊው ፊት ቆሙ። ጸሐፊው መስቀሉን ተሳለመ። «እኔ የሆነውን ልናገር፤ አንተ ጻፍ» አሉት። ተዝካሯን በቁሟ አወጣች፣ ንብረቷን በቁሟ ከፈለች፣ ኢየሩሳሌም ሄደች፣ ይኸው በሕይወት አለች፤ እኔ ነበርኩበት፣ አሉ። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው መሰከሩ፤ ነጋዴው እንኳ አልቀለደም።

ጸሐፊው የጻፈውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። «ይህ ከታመነ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ።

«የአገሩን ነገር አጥርተህ ሳትጠይቅ ቀረህ፤ ሌላ ጥፋት የለብህም» አልኩት። «ይህንኑ ጻፍ። እኔም ከሥሩ እፈርምልሃለሁ።»

ተነሣ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጥቶ በራሱ እጅ፣ ሞቴን የመዘገበው ሳያጣራ መሆኑን ጻፈና ወደ አለቃው ክፍል ይዞት ገባ። ቆየ። የአለቃው ድምፅ ከፍ ሲል እንሰማለን። ሲወጣ ጆሮው ቀልቷል፤ ማኅተሙ ግን ወረቀቱ ላይ አለ።

«ደመወዜን ሳልቀጣ አልቀርም» አለኝ። «ኢየሩሳሌም ሲገቡ ይጸልዩልኝ።»

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

ዝቅ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ጎረቤቴም «የእኔንስ?» ብሎ ተጠጋ፤ ከዚያ ሁሉም የራሳቸውን፣ የልጆቻቸውንና የታመሙ ዘመዶቻቸውን ስም ነገሩኝ።

የወንድሜ ልጅ የተጠራቀመውን አበል ተቀበለ፤ ደሴ አብረን ወረድንና በባንክ ላክነው። በሆሳዕና ሰሞን ተመልሼ ኢየሩሳሌም ስደርስ ገንዘቡ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የባንኩን ወረቀት ይዤ ፈቃድ ቢሮ ገባሁ፤ ሹሙ አንዴ አየውና ማኅተሙን አሳረፈበት። ያንን ሁሉ አገር ያዞረኝ ነገር ያለቀው በአንድ ምት ነው።

ከዚያ ወደ ክፍሌ አልሄድኩም። በቀጥታ ጎልጎታ ወጣሁና ተንበርክኬ ስማቸውን ጠራሁ። የጸሐፊውን አስቀደምኩ።