ጅጅጋ ተቀምጬ ያየኋቸው ፊልሞችና የእትዬ አስካለ ቴሌቪዥን

ከደብረ ሲና የወጣሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ጉም አስፋልቱን በሸፈነበት አንድ ምሽት ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ጋቢዋን ተከናንባ እስከ ጭነት መኪናው ሸኘችኝ። «ማሙሽ፣ መቼ ትመለሳለህ?» አለች። አርባ ዓመቴ ነበር፤ ለእሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነኝ። «ቴሌቪዥን ይዤልሽ እመጣለሁ!» አልኳት፣ ሾፌሩም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም። የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ ገጠምኩ፣ ሁለት ብሎን ተረፈኝ፣ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይበልጥ ጮኸ። ጅጅጋ አጠገብ ሐርተሼክ ገበያ ላይ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ እንደ ሽንኩርት መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል ሲሉ ስሰማ፣ እዚያ አገር እኔ እንደምጎድል ወዲያው ገባኝ። ካራማራን አልፈን ሜዳው ሲገለጥ ንፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው። የደብረ ሲና ብርድ አጥንት ይገባል፣ የጅጅጋ አቧራ ደግሞ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ቤት ያከራዩኝ ኤዶ ከድራ ናቸው፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አማርኛን ገበያ ላይ ተምረው ከእኔ እኩል ይናገራሉ። በመጀመሪያው ቀን ሩዝ አቀረቡልኝ፣ ላዩ ላይ ሙዝ አለ። በስህተት የወደቀ መስሎኝ ላወጣው ስል እጄን መቱኝ።

«ወሪያ! አገርህ ሙዝ የለም? ለመሆኑ ምን ታውቃለህ?»

«ሁሉንም።»

«ሂንዲስ?»

«ሂንዲማ በደንብ!»

የማውቀው ሦስት ቃል ነበር። ግን ፊት ማንበብ ለሚችል ሰው ቃል ምን ያደርግለታል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው በዴካቸው የህንድ ፊልም ሲያዩ እኔ ከጎን ተቀምጬ እተረጉም ነበር። ጺሙን የተቆረጠው ክፉ ነው፣ ነጭ የለበሰችው እናት ናት፣ እያልኩ። በእኔ ትርጉም እናት አትሞትም፤ የሄደም ሁሉ ይመለሳል። ግቢው ሁሉ ያለቅስ ነበር፣ በደስታ።

በእነዚህ ዓመታት ያላየሁት ፊልም የለም፣ ስለዚህ አስተያየቴን ልናገር። ህንዶች በዝናብ እየዘፈኑ ይበሰብሳሉ፣ አንድም ሰው አያስልም፤ ደብረ ሲና መጥተው ይሞክሩት። አሜሪካኖች እኔ በግማሽ ቀን የማስነሳውን መኪና ያቃጥላሉ፤ ይሄ ጥጋብ ነው። የእኛዎቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ ሥራ የሚሄድ የለም። ቱርኮች ደግሞ በር ተንኳኩቶ እስኪከፈት አንድ ክፍል ያልቅባቸዋል።

ኋላ የህንድ ፊልም በሶማሊኛ ድምፅ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የተረጎምኩላቸው ፊልም ራሱ መጣ። ኤዶ ከድራ እስከ መጨረሻው አይተው በሬን ደበደቡት።

«ወንድሟ ያልከው ባሏ ነው! እናትየዋም ሞተች!»

«ተርጓሚዎቹ ተሳስተዋል።»

«ውሸታም!» አሉና ሳቁ። «ያንተው ይሻል ነበር።»

ለእትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን በጭነት መኪና ላክሁላት። ስትደውል «ቴሌቪዥኑ መጣ፤ አንተስ?» አለች። ሥራ በዛብኝ አልኳት። እውነቱን ለእናንተ ልንገር። ደብረ ሲና ያሉት ሰዎች ትልቅ ነጋዴ ሆኗል ይሉኛል፣ ወሬውንም የላክሁት እኔው ነኝ። እኔ ግን ዛሬም በኤዶ ከድራ ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ነኝ። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች እንደ ሰሌዳ ቀጥነዋል፤ ሲበላሹ ይጣላሉ እንጂ ጠጋኝ አይፈልጉም። ደክሞኛል። ግን በምን ፊቴ እገባለሁ?

የእትዬ አስካለን ዓይን ሞራ እየጋረደው ከመጣ ወዲህ፣ በአማርኛ ድምፅ የሚታየውን የቱርክ ድራማ እሷ ትሰማለች፣ ምስሉን እኔ እዚህ እያየሁ በስልክ እነግራታለሁ።

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ዝም ብሎ ያያታል።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ያያታል።»

ድራማው ሲጀምር አንድ ልጅ በመርከብ ይሰደዳል፣ እህቱም ወደብ ላይ ትቀራለች። ያን ሰሞን እትዬ አስካለ «ሞራው ጨርሶ ሳይጋርደኝ ፊትህን ልይ» አለችኝ። «ይህ ድራማ ሲያልቅ እመጣለሁ» አልኳት። ቱርኮች ቶሎ እንደማይጨርሱ ተማምኜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጨረሱ። መርከቡ ወደቡ ላይ ቆመ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ የሚናገር ሰው የለም።

«ማሙሽ፣ ሰው እየወረደ ነው?»

«እየወረደ ነው።»

«ልጁስ?»

ልጁ የለም። እህቱ ብቻዋን ቆማለች።

«ወረደ» አልኳት።

«ሻንጣ ይዟል?»

«ባዶ እጁን ነው።»

«ምን ቸገራት!» አለች እትዬ አስካለ። «ደርሶላታል። እንግዲህ አለቀ ማለት ነው። አንተስ መቼ ነው?»

ስክሪኑ ላይ እህቱ ጀርባዋን ሰጥታ ዳገቱን ብቻዋን መውጣት ጀመረች። እያየኋት እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች።

«ቆይ እትዬ፣ ገና አላለቀም፤ እያየሁ ነው።»

«ማሙሽ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ጀመረ እኮ።»

«ቆይ አልኩሽ» አልኳት።