በድጋሚ የመጣው ሰላምታ

ሌላው ሰው ሰበታ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ እንጃ፤ እኔ የማየው ቴሌቪዥን ነው። የትኛው ምግብ ቤት ዲሽ እንዳለው፣ የትኛው ከኳስ በቀር እንደማይከፍት፣ የትኛዋ አስተናጋጅ ሪሞቱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ደብቃ እንደምትዞር በቃሌ ይዣለሁ። ሥራዬ ሳሙና መሸጥ ነው። ለአንድ አከፋፋይ ተቀጥሬ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ትእዛዝ እቀበላለሁ፤ አንዱን ሳምንት ሰበታ፣ ሌላውን ገላን፣ ሌላውን ሱሉልታ። ቤቴ ቡራዩ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ሥራ ሲበዛ ወይ ታክሲ ሲጠፋ እዚያው የደረስኩበት ፔንሲዮን አድራለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን የትም ብሆን፣ ያ የድሮ የጥያቄና መልስ ውድድር በድጋሚ በሚተላለፍበት ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት መገኘት አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ እዚያ ውድድር ላይ ቀርቦ ነበር። አላሸነፈም፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ስለ አንድ ወንዝ ተጠይቆ ተሸኘ። የተላለፈ ዕለት ቡራዩ መብራት ጠፋ። እናቴ ቆሎ ቆልታ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ፣ ጥቁር ስክሪን ስታይ ዋለች። እኔም ገላን ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም። ወንድሜ ቤት ሲገባ እናቴ የጠየቀችው ስለ ወንዙ አልነበረም። እኛ አገር ሰው ቴሌቪዥን ላይ ከወጣ ሰላምታ ያቀርባል፤ ያሳደጉትን፣ ያስተማሩትን፣ አብሮ አደጎቹን በየስማቸው ይጠራል። የተጠራው ዓመቱን ሙሉ ያወራዋል፣ ያልተጠራው ደግሞ ያኮርፋል። እናቴም ጠርተኸኛል ወይ ስትለው፣ ምን ነካሽ እማዬ፣ መጀመሪያ የጠራሁት አንቺን አይደል እንዴ አላት።

ብዙም ሳይቆይ ከጅማ መንገድ ሲመለስ፣ ከተፍኪ ወዲህ፣ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ቀበርነው። ከልቅሶው በኋላ እናቴ የያዘችው ነገር ቢኖር ያ ሰላምታ ነው። ለመጣው ሁሉ "ልጄ አገር እያየው መጀመሪያ የጠራው እኔን ነው" ትላለች። ኢንተርኔት ላይ አስፈልገን አጣነው። በኋላ አንድ ጣቢያ የድሮዎቹን ውድድሮች ያለ ቅደም ተከተል ማሳየት ጀመረ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ከሰዓት በኋላ እንግዳ አይወድም። የእናቴ ዓይን ደክሟል። ስክሪኑ ላይ የሚታያት የሚንቀሳቀስ ጥላ ነው፤ ሰውን የምትለየው በድምፁ ነው። መብራቱም እንደሆነ ሲያሰኘው ይሄዳል። ስለዚህ ቃል አስገባችኝ፦ የትም ሆኜ ወንድሜ ከመጣ ልደውልላት፣ ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ደግኜ ድምፁን ላሰማት።

ሰው ፊት ቆሞ ቴሌቪዥን መለመን ሳሙና ከመሸጥ ይከብዳል። አንድ ቀን ሰበታ ምሳ የምበላበት ቤት ስገባ የፋብሪካ ልጆች ሞልተውታል። ከደቡብ የመጡ ናቸው፤ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ የመዝሙር ጣቢያ ከፍተው አብረው ያንጎራጉራሉ። የቤቱ ባለቤት ታውቀኛለች፣ በኦሮምኛ "ኮቱ፣ ታኢ"፣ ነይ ተቀመጪ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ፣ ግን አላስቻለኝም። የፈጣሪን መዝሙር አስቁሞ ጥያቄና መልስ ክፈቱልኝ ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? አልኩ እንግዲህ። ልጆቹ ቅር ሳይላቸው እሺ እህታችን ብለው ቀየሩልኝ። ወንድሜ አልነበረም። እነሱ ግን ጉርሻቸውን በእጃቸው ይዘው ለተወዳዳሪው መልስ ማቀበል ጀመሩ፤ አንደኛው አንዱንም ሳያገኝ ከሁሉ በላይ ይጮሃል። ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ ከበደኝ፤ የእነሱን የምሳ ሰዓት ወስጄ፣ አለቃዬ ትእዛዝ እየተቀበለች ነው ብሎ በሚያምንበት ሰዓት የሞተ ሰው እፈልጋለሁ።

ሱሉልታ ደግሞ አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ ስኳርና ዘይት በጅምላ የሚሸጡ ሽማግሌ፤ ሐጂ ነው የምላቸው። ከማካሮኒው ካርቶን በላይ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። ገና በር ላይ ሲያዩኝ ያንቺ ነገር ሊጀምር ነው እያሉ ሪሞቱን ያቀብሉኛል። ለምን እንደምፈልገው ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ነግሬያቸውም አላውቅ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ ሪሞቱን ተቀብዬ ከፈትኩት። ወንድሜ ተቀምጧል።

ቀጭን ነበር ለካ። አንገቷ የሰፋውን ያችን ሸሚዙን ለብሷል። የዘይት ጀሪካን ስቤ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ የእናቴን ቁጥር ልነካ ስል፣ አቅራቢው ሰላም የምትላቸው ካሉ ዕድሉን ልስጥህ አለው።

"መጀመሪያ እህቴን" አለ ወንድሜ። ስሜን እስከ አባቴ ጠራው። "እሷ ባትኖር ኖሮ ትምህርቴን አልጨርስም ነበር።"

ጣቴ እዚያው ቀረ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። እናቴ መጀመሪያ እኔን ስትል ስንት ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ሰምቻለሁ፤ ምሳውን የቋጠርኩለት፣ ዩኒፎርሙን ያጠብኩለት እኔ አይደለሁም ወይ እያልኩ በሆዴ። እሰይ አልኩ። እናቴ ላይ ነው እሰይ ያልኩት፣ ልጇን በቀበረች ሴት ላይ።

ከዚያ አስተማሪውን ጠራ። የታክሲ ተራ ጓደኞቹን ጠራ፣ የሰፈሩን ልጆች በየቅጽል ስማቸው ጠራ። እናቴ የለችም። ዝርዝሩ ሲረዝም አቅራቢው ሳቅ ብሎ ሰዓት እንደሌለ ነገረው፣ ሙዚቃውም ገባ። የወንድሜ አፍ ግን አልቆመም። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ከንፈሩን ገጠመና ከፈተ፤ እማዬ ሲል እንዲያ ነው የሚያደርገው። ድምፁን ሙዚቃው ዋጠው። ማስታወቂያ ሆነ።

"ሐጂ፣ አዩት?" አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ስኳር ይመዝኑ ነበር። ምኑን ልጄ አሉኝ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ቡራዩ መብራት ነበረ ማለት ነው። የሐጂ ቴሌቪዥን እንዳይሰማብኝ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። አየሽው ወይ ስትለኝ፣ ምኑን እማዬ፣ እዚህ መብራት የለም አልኳት። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ነው የተናገረው። አየሁ ካልኩ አለመጠራቷን ሁለታችንም ልናውቅ ነው፤ ያ እሰይ ያልኩት ነገር ደግሞ ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም፣ ትሰማብኛለች ብዬ ፈራሁ።

"ምንም አላመለጠሽ" አለችኝ። "እኔን መጀመሪያ ጠራኝ፣ ከዚያ አንቺን። ስምሽን እስከ አባትሽ ነው የጠራው። ደስ ይበልሽ።"

ያልተጠራችው እሷ፣ ደስ ይበልሽ የምትለው እሷ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት እኛን ነው። ዓመት ሙሉ እየዞርኩ ስፈልግ፣ እናቴ በእጇ ላይ የቀረላትን አንድ ነገር የምነጥቅበትን ቀን ነው የፈለግሁት።

ታክሲው የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ቁልቁል ሲል አንድ ነገር መጣልኝ። እናቴ ሰማች እንጂ አላየችም። የሰማችው ሙዚቃውን ነው። ከንፈሩን ያየሁት፣ ልጇ ለመጨረሻ እንዳስቀመጣት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደስታዬ ቦታ አልሰጥ ብሎት እንጂ ያኔውኑ በስልክ ልነግራት የሚገባኝ እሱን ነበር። እስከ ቡራዩ ሾፌሩን በሆዴ እየረገምኩ ሄድኩ፤ እያንዳንዷ ፌርማታ ላይ ይቆማል።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ዋሽቼሻለሁ አልኳት። አይቼዋለሁ፣ መብራት ነበር፣ ሙዚቃው ሲገባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንቺን ጠራ፣ ከንፈሩን በዓይኔ አየሁት አልኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። እጇን ሰድዳ ፀጉሬን ዳበሰች፣ እርጥብ ነበር።

"መብራት የለም አላልሽኝም?" አለችኝ።

"ነበር፣ እማዬ።"

"እሺ። እኔም ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ፣ አንቺም ለእኔ ብለሽ ትዋሻለሽ። ግድ የለም፣ ተይው።"

ማልኩ። በወንድሜ አፈር ማልኩ። መሐላ አያስፈልግም አለችኝ፣ ያውም በእርጋታ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምስክር ማንን ልጥራ? ሐጂ ስኳር ሲመዝኑ ነበር። እልህ ይዞኝ በማግስቱ ከሥራ ቀረሁ። ምናልባት ይደግሙት ይሆናል፣ ጎረቤቷም ዓይኗ ደህና ነው፣ አብራን ትይ ብዬ ጠራኋት። የውድድሩ ሙዚቃ ሲጀምር እናቴ ፊቷን መለሰች፣ ሌላ ነገር ክፈቺልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት።

ጎረቤቷ ምኑንም አታውቅም፤ ያንኑ የለመደችውን ወሬ ልታስጀምራት ፈልጋ፣ ልጅሽ እኮ አገር እያየው መጀመሪያ የጠራው አንቺን ነው አለቻት።

"አይ፣ እህቱን ነው" አለች እናቴ፣ በእጇ እኔ ያለሁበትን እየፈለገች። "እኔን አልጠራኝም።"