አማቴ እንዳይወድቁ

አማቴ ጂንካ መጥተው ሆስፒታል ሲተኙ ባለቤቴ ለሥልጠና ሐዋሳ ነበረች፤ አስታማሚው እኔ ሆንኩ። የኦሞን ሙላት ለሬዲዮ ስዘግብ የኖርኩ ሰው ይሄ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ግን በአማቴ ወግ አማት የልጇን ባል ፊት ለፊት አታየውም፤ አትነካውም፤ ሽንቷ መምጣቱንም እሱ ባለበት አትናገርም።

ነርሷ የመውደቅ ስጋት እንዳለባቸው ለማወቅ ትጠይቃቸው ጀመር።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ?»

«እኔ? በጭራሽ!»

«ግንባርዎ ላይ ያበጠውስ?»

«በሩ መጥቶ መታኝ።»

እንዳየሁት መናገር ልማዴ ስለሆነ፣ «ትናንት ሁለቴ ወድቀዋል» አልኩ።

አማቴ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «አማች ናቸው ወይስ የዐቃቤ ሕግ ምስክር?» አሉ።

ነርሷ የአልጋውን መከለያ ከፍ አደረገችና፣ «ብቻቸውን እንዳይነሱ! በዚህ ዕድሜ አጥንት ከተሰበረ ቶሎ አይገጥምም» ብላኝ ወጣች።

ፊቴን ሳዞር በመከለያው ጫፍ ሾልከው ተነሱ።

«ወዴት ነው?»

«ፀሐይ ልሞቅ።»

ውጭ ዝናብ ይወርዳል። እሳቸውን መያዝ ስለማልችል እጆቼን ዘርግቼ፣ ዶሮ ወደ ቤት እንደሚያስገባ ሰው ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተንገዳገዱና የግሉኮስ ማንጠልጠያውን ያዙ። ማንጠልጠያው ደግሞ ጎማ ነበረው፤ ይዟቸው መሄድ ጀመረ። ቀጥሎ ባለው አልጋ እህቷን የምታስታምም ሴት ዘላ ወገባቸውን ባትይዝ ኖሮ ወለሉ ላይ ነበሩ።

«እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ!» ብላ ጮኸችብኝ። ዞርኩ። የኮቴን ጫፍ ከኋላ ሳብ አድርጋ አማቴን አስጨበጠቻቸው። «ኮቱ አማችዎ አይደለም፤ ይያዙት።»

አማቴ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ስፌቱ እስኪጮህ ድረስ ጨበጡት። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ሴትየዋ ከጎናቸው ሆነን በግቢው ጭቃ እስከ ሽንት ቤት ሄድን።

«ቀስ ይበሉ እንጂ! ገበያ አልመሸብንም!» ይላሉ ከኋላዬ።

ከሆስፒታል እስኪወጡ ድረስ እንዲሁ ተመላለስን፤ አንድም ጊዜ አልወደቁም። በወጡ ዕለት ባለቤቴ ስትደውል ስልኩን አልጋው ላይ አኖርኩላቸው። መውደቅ አለመውደቃቸውን ጠየቀቻቸው መሰለኝ፣ ተቆጡ።

«እኔማ ምን ሆኜ! ባልሽ ናቸው እንጂ እግራቸው የማይጸና። ኮታቸውን ይዤ ይዤ እጄ ዛለ።»