የሼቬሏ ስርጉድ

ኪራኮስ የሚሠራበት ጋራዥ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባድ መኪናዎች ቀኑን ሙሉ አቧራ በሚያስነሱበት መንገድ ዳር ነው። ከውጭ ላየው መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ግን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የአሜሪካ መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ኮፈናቸው የረዘመ፣ ጎማቸው የሰፋ፣ ሲነሱ የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጡ። በዘመናቸው የጎረምሳ መኪና ነበሩ። ዛሬ የሚገዟቸው ያኔ ጎረምሳ የነበሩት፣ አሁን ግን ጉልበታቸውን እየታመሙ ለመግባትም ለመውጣትም ደጋፊ የሚፈልጉት ናቸው። ኪራኮስ ይህን ሲያይ ሳቁ ይመጣበታል። እነሱ ፊት አይስቅም እንጂ፤ እንጀራው ናቸው።

የጋራዡ ባለቤት ነቢዩ ይባላል። በልጅነቱ መጥቶ ካልጋሪ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ ነጋዴ ነው። ከየእርሻው ጎተራ የተጣለ መኪና ለቅሞ ያመጣል፤ ሞተሩን በአዲስ ይቀይራል፣ ፍሬኑንና መሪውን ዘመናዊ ያደርጋል፣ ወንበሩን ቆዳ ያለብሳል፣ ከዚያ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ያወጣል። የላሜራው ሥራ የኪራኮስ ነው። የተጨማደደውን ያቃናል፣ የበሰበሰውን ቆርጦ ይተካል። ነቢዩ ለደንበኞቹ «ማጂሺያን» እያለ ያስተዋውቀዋል። ኪራኮስ ቃሉ አስማተኛ ማለት መሆኑን ካወቀ ወዲህ ቅር ይለዋል፤ ሰው ጠንቋይ እንዳይለው ይፈራል።

ሥራውን የተማረው አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ ሸምሰዲን የሚባል አለቃ ዘንድ ነው። ሸምሰዲን ደንበኛ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ ያልታዘዘ አንድ ነገር ሳይጨምርለት አይሸኝም ነበር። የሚንኳኳ በር ያጠብቃል፣ የላላ መስታወት ያስተካክላል፣ ምንም ካጣ ማጠፊያውን ዘይት ይቀባል። «ቲማቲም ሻጯ እንኳ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ምርቃት ትጥላለች፤ እኛ ከእሷ እናንሳለን?» ይላቸው ነበር የጋራዡን ልጆች። ኪራኮስ ከሰባተኛ ብዙ ነገር ትቶ ወጥቷል፤ ይህችን ግን ይዟት መጣ።

ካናዳ ምርቃት አታውቅም። አንዱ ደንበኛ በሩ መንጫጫቱን ስላቆመ ተጠራጥሮ ሒሳብ ሊጨምሩብኝ ነው ብሎ ተጨቃጨቀ። ሌላዋ «በሬን ማን ነካብኝ?» ብላ ደወለች። ነቢዩ ለመነው። «ጋሼ ኪራ፣ ፕሊስ፣ ኢንቮይሱ ላይ የሌለ ነገር አይሥሩ። ሊያቢሊቲ አለው፤ ኋላ የምንጠየቀው እኛ ነን።» ኪራኮስ እሺ አለ። እሺ ሲል ግን ሰምቻለሁ ማለቱ ነው እንጂ እተዋለሁ ማለቱ አይደለም። ሚስቱ ዘሪቱ ይህን አመሉን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲሳለም እሱ ፓርኪንግ ውስጥ ተንበርክኮ የቄሱን መኪና ፓራውልት ሲያቃና ነው የምታገኘው። «ለንስሐ ተንበርክኮ የማያውቅ ጉልበት» ትለዋለች።

በዚህ ዓመት፣ በረዶው ሊለቅ ሲል፣ ነቢዩ አንዲት ሼቬል ይዞ መጣ። ሼቬል ሼቭሮሌት በዚያ ዘመን ከሠራቸው ጉልበተኞች አንዷ ናት። ይህችኛዋ አረንጓዴ ነበረች፤ ቀለሟ የፋብሪካው፣ እዚህም እዚያም የደበዘዘ። እንዲህ ያለ ያልተነካ ቀለም ዋጋ አለው። ነቢዩ ሞተሯን፣ መሪዋንና ወንበሯን ለወጠ፣ ቀለሟን ግን እንዳለ ተወውና ፎቶዋን አወጣ። ሳምንት ሳይሞላ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ ኪራ፣ ሼቬሏ ሶልድ ናት! ልጅቷ አይታት እንኳ አታውቅም፣ በፎቶ ነው የገዛችው። የሐበሻ ልጅ ናት፤ ናይት ሺፍት ላይ ሆና ነው ኮል ያደረገችው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ ፔይንቱን ቶች እንዳያደርጉት።»

«ቀለሙን እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አለ ኪራኮስ።

ቀለሙን በእርግጥም አልፈለገውም። እሱን የበላው ሌላ ነው። ከኋላ በግራ በኩል፣ ከጎማው ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ስርጉድ ነበረች። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል። የሐበሻ ልጅ፣ ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችውን አውጥታ፣ የተሰረጎደ መኪና ይዛ ትሂድ? አንጀቱ እምቢ አለው። ነቢዩ ለምሳ ሲወጣ ጠብቆ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገባ። ላሜራውን ከውስጥ በሙቅ አየር ለብ እያደረገ፣ ጫፉ የለሰለሰ ብረት አስደግፎ ትንሽ ትንሽ ገፋው። ያረጀ ቀለም ካጣደፉት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አላጣደፈውም። በማግስቱም በምሳ ሰዓት ቀጠለ። ሲጨርስ አንዲት የቀለም ቅርፊት አልረገፈችም። ከውጭ በመዳፉ ዳበሰው፤ ስርጉዷ የለችም። ቀለሙንም አልነካም፣ ምርቃቱንም ጨምሯል። እንዲህ ያለ ሥራ ሸምሰዲን ራሱ ባየልኝ ብሎ ተመኘ።

ቅዳሜ ገዢዋ ራሕዋ ሬድስቶን ከሚባለው ሰፈር መጣች። የሆስፒታል ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። አባቷን በክንዷ ይዛለች። አቶ ተክለ፣ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ የአዲስ አበባ ሴት አግብተው ቤታቸውን በአማርኛ ያኖሩ፣ ካልጋሪ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶታል። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ፊታቸው ቀና ያለ ነው።

ራሕዋ አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ኪራኮስን ወደ ጥግ ሳበችው።

«ጋሼ፣ አልነገርኩትም፣ ሰርፕራይዝ ነው። ላይክ፣ የሱ መኪና ነበረች፤ ፎቶዋን ሳይ በቀለሟ አወቅኋት። እኔ ልጅ ሆኜ ፔንብሩክ ሰፈር ስንኖር። ቤት ለመግዛት ብሎ ሸጣት፣ አንድም ቀን ኮምፕሌይን አላደረገም። ዌል፣ አሁን ማየት አይችልም። ግን በእጁ፣ በራሱ እንዲያውቃት ነው የምፈልገው። ማንም እንዳይነግረው፣ ኦኬ?»

ኪራኮስ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥህ የሚባለው ይኸው ነው ብሎ አሰበ። አዛውንቱንም በክንዳቸው ይዞ ወደ መኪናዋ የወሰዳቸው እሱ ነበር።

ነቢዩ ሞተሩን አስነሳ። አዲሱ ሞተር ጎተራ በሚያህለው ጋራዥ ውስጥ አጓራ። አቶ ተክለ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ጉልበተኛ ነው» አሉ በጨዋ ደንብ። «የማን ነው?»

ራሕዋ መልስ ሳትሰጥ በሩን ከፈተችና አስገባቻቸው። ወንበሩን ዳበሱ። «ሶፋ ነው እኮ።» መሪውን ጨበጡ። «ይሄ ደግሞ ቀጭን ነው።» ማርሹን ፈለጉ፤ ነቢዩ ቦታውን ቀይሮታል። ልጅቷ አባቷ እጃቸውን ባሳረፉ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፣ መልሳ ትለቃለች። ነገሩ የገባት ያኔ ሳይሆን አይቀርም። በጆሮ የሚታወቀው ድምፅ ተለውጧል። በእጅና በአፍንጫ የሚታወቀውም ተለውጧል። እንዳይነካ አደራ ያለችው ቀለሙን ነው፤ ቀለም ደግሞ አባቷ አያዩም።

አቶ ተክለ ወርደው ጣራውን እየዳበሱ ወደ ኋላ ሄዱ። ቅርጿ ያስታወሳቸው ነገር አለ መሰለ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። «እኔም እንዲህ ያለች ነበረችኝ» አሉ። እጃቸው ማንም ሳይመራው ከጎማው በላይ ሄደና አውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈለጉ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የኔዋ እዚህ ጋ ስርጉድ ነበረባት። ይቺ ልጅ ሳይክል ስትማር በሳይክሉ መሪ ወግታት። ሮጬ ሄጄ ‹ተጎዳሽ ወይ?› ብላት፣ ‹መኪናው ነው የተጎዳው› ብላ እሪ አለች። አላስነካሁትም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስሄድ እንዲህ አውራ ጣቴን አስገብቼ ነበር የምገባው።»

ራሕዋ ጎንበስ ብላ ላሜራውን አየች፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አየች፣ ደግማ ላሜራውን አየች።

«አባ፣ ያንተ ናት። አይ ስዌር፣ ራሷ ናት። ስርጉዱ ፎቶው ላይ ነበረ።»

«ሸውደውሻል ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባለጋራዦቹን ላለማስቀየም። «ግድ የለም። መኪናዋ ጥሩ ናት። የኔ ግን አይደለችም።»

ነቢዩ ወደ ኪራኮስ ዞረ። ዓይኑ «አሁንም?» ይላል። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አዛውንቱ ሳያውቋት ይቀራሉ፣ ልጅቷም አልቅሳ መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች። ኪራኮስ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«ጋሼ ተክለ፣ ልጅዎን ማንም አልሸወዳትም። ስርጉዷን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ምርቃት ነው።»

አቶ ተክለ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «የት ነው ሥራ የተማርከው?»

«ሰባተኛ።»

«ሰባተኛ ከሆነ አምንሃለሁ» አሉ፣ ከንፈራቸው ዳር ሳቅ ቢጤ እያለ። «አዲስ አበባ እያለሁ እዚያ መስታወት ላሠራ ሰጥቼ ጡሩንባዬን ቀይረው ጠብቀውኛል።» ከዚያ መኪናዋን አንዴ መታ መታ አደረጓት፣ የሰው ፈረስ መታ እንደሚደረግ። ማመኑን አመኑ። እጃቸው ግን አላመነም፤ ወንበራቸውን ፍለጋ ዞሩ።

ራሕዋ አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ፣ አባቷ እንዳይሰሙ። ኪራኮስ በዕድሜው ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ በዚህ መጠን አፍሮ ግን አያውቅም። ስህተት ሠርቶ ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል። እሱ ግን ሠርቶ የማያውቀውን ጥሩ ሥራ ነው የሠራው፤ ለዚህ ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አላወቀም።

ወደ መሣሪያው ሳጥን ሄደና አፉ ክብ የሆነ ትንሽ መዶሻ ይዞ ተመለሰ። ለራሕዋ ዘረጋላት።

«ምቺው» አላት።

«ዋት? አልችልም። እርስዎ ይምቱት።»

«እኔ ብመታው የኔ ነው የሚሆነው። ያንቺ ነበር፣ አንቺ ምቺው።»

«ጋሼ ኪራ፣ ኦሪጅናል ፔይንት!» አለ ነቢዩ። ማንም አልሰማውም።

ራሕዋ መዶሻውን በሁለት እጇ ያዘች። አንዴ ሰንዝራ ተወችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና መታች። ላሜራው ጓ አለ፤ አንዲት አረንጓዴ ቅርፊት ረግፋ ወለሉ ላይ ወደቀች። ነቢዩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አቶ ተክለ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በትራቸው ወደቀች። እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው፣

«ራሕዋ! ተጎዳሽ ወይ?» አሉ።

ልጅቷ መዶሻውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «መኪናው ነው የተጎዳው፣ አባ» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ነበር።

አዛውንቱ መኪናዋን እስኪያገኙ አየሩን እየቀዘፉ መጡ። አውራ ጣታቸውን በስርጉዷ ውስጥ አስገቡ። ብዙ ቆዩ።

«ትንሽ ዝቅ ይል ነበር» አሉ። ጣታቸውን ግን አላወጡም።

ኪራኮስም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰረጎደ መኪና ከእጁ ሊያስወጣ ሄዶ ትልቁን በር ከፈተ።